የጠፋችው ነጠላ ሰረዝ

ሰሞኑን እዚህ ፖላሪስ አንድ ወንድማችን የሥራ ማመልከቻውን አሳየኝ። «ድራይቪንግ፣ ክሊኒንግ ኤንድ ቱ ኩክ» ይላል።

«በአንድ መስመር የተሰለፈ ቃል አንድ ዓይነት ልብስ ይልበስ እንጂ! ኩኪንግ በለው» አልኩት።

«ጭራና ሰረዝ ማን ያያል?» ብሎ ሳቀ።

ዳኛ ያያል! ከኮሎምበስ በስተምዕራብ ባለችው ዌስት ጀፈርሰን አንዲት ሴት ፒክአፕ መኪናዋን ከ24 ሰዓት በላይ መንገድ ላይ አቁማለች ተብላ ተከሰሰች። ደንቡ «ሞተር ቬሂክል፣ ካምፐር» ማለት ሲገባው ነጠላ ሰረዙን ዘሎ «ሞተር ቬሂክል ካምፐር» ይላል። «የእኔ መኪና መኝታ ያለው ካምፐር አይደለም» ብላ ተከራከረች። መንደሩ «የጽሕፈት ስህተት ነው» ቢልም፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለእርሷ ፈረደ።

ወገኖቼ፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ነጠላ ሰረዟን ፈልጉ። ያስታወሳትን ትጠቅማለች፣ የረሳትን ታስከፍላለች።