ጓዛችሁን ስትጭኑ ድመቷን አትርሷት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አሊዩ አምባ ከጥንት ጀምሮ የመንገደኛ አገር ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሲራራ ነጋዴው አሞሌ ጨው ጭኖ ከቆላ የሚወጣባት፣ ከአንኮበር ግርጌ ያለች ስመ ጥር የዓርብ ገበያ ነበረች። ዛሬም ከመካከላችን ብዙዎች ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም ለትዳር ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ቤታቸውን ነቅለው ይሄዳሉ። ጓዙ ተጭኖ ሲያልቅ አንዲት ነፍስ በደጅ ትቀራለች፤ ባለቤት ሳይኖራት መጥታ ትራፊያችሁን እየበላች የማሽላ ጎተራችሁን ከአይጥ ስትጠብቅ የኖረች ድመት።

የምንላችሁ አንድ ነገር ነው፤ ያስለመዳችኋትን ጥላችሁ አትሂዱ። እጃችሁን አምና ከቀረበች አደራ ሆናባችኋለች።

መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 12 ቁጥር 10 ጻድቅን ከሚለይባቸው ምልክቶች አንዱ ለእንስሳው የሚያሳየው ርኅራኄ መሆኑን ያስተምረናል። ኖኅም ወደ መርከብ ሲገባ ከቤተሰቡ ጋር ለእንስሳቱ ጭምር ስንቅ እንዲይዝ ታዝዟል (ዘፍ. 6፥21)። ማር ይስሐቅም የሚራራ ልብ ለአራዊትና ለአዕዋፍ ሳይቀር እንደሚያዝን ይነግረናል።

በቆጵሮስ ደሴት፣ በአክሮቲሪ «የድመቶቹ ቅዱስ ኒቆላዎስ» የሚባል ገዳም አለ። እንደ ገዳሙ ትውፊት በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደሴቲቱን ድርቅ መትቷት እባብ በበዛ ጊዜ፣ ቅዱስ መስቀሉን ያስወጣችው ንግሥት እሌኒ ድመቶችን በመርከብ አስጭና ላከች። መነኮሳቱም ለመብል በደወል ይጠሯቸው ነበር ይባላል። አገልግሎታቸውን ስለተቀበሉ ምግባቸውን አልከለከሏቸውም።

«ሰው በተቸገረበት ዘመን ስለ ድመት ይወራልን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዚሁ በይፋት በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ ስንት ወገናችን ነፍሱን ብቻ ይዞ ወጣ። ልጁን አቅፎ የሮጠ ሰው ስለ ድመት አይጠየቅም። የሚጠየቀው መኪና ተከራይቶ፣ አልጋና ቁም ሣጥን ጭኖ በሰላም የሚሄደው ነው። ለድመት የሚበቃው ፍርፋሪ የነዳያንን ድርሻ አይነካም፤ ደግሞም ለትንሿ ፍጥረት ያልራራ ልብ ለሰው መራራትን ከየት ይለምዳል?

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። አስቀድማችሁ ጎረቤት ጠይቁ፤ ባለቤት ያላትን ድመት መውሰድ ስርቆት ነውና። በእንስሳት ጤና ክሊኒክ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቧት፤ በሽታው በድመትም ይተላለፋልና። ብትነክሳችሁ ወይም ብትቧጭራችሁ ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ስትጓዙ ክዳን ባለው፣ አየር በሚያስገባ ቅርጫት ያዟት፤ የለመደችውን ጨርቅም ከሥሯ አንጥፉላት። አዲሱ ቤት ስትደርሱ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ከቤት አታስወጧት፤ ድመት ስፍራ ትወዳለችና ቶሎ ከተለቀቀች የቀድሞ ቤቷን ፍለጋ ወጥታ ትጠፋለች። በጾም ወራትም እርሷ ሥጋ በል መሆኗን አትዘንጉ፤ እርሷን መመገብ ጾማችሁን አያፈርስም።

መውሰድ ካልቻላችሁ ለሚመግባት ሰው በአደራ ስጧት። በአገራችን ክርስቲያንና ሙስሊም ተጎራብቶ ይኖራል፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ለድመት ርኅራኄ አላቸው። አደራ የሚቀበል አይጠፋም።

«ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» እያልን በእርሷ እንተርታለን። ዐመሏን የማትረሳ ድመት ግን ያበላትንም ደጅ አትረሳም። እኛም በደጃችን የጠበቀችንን አንርሳ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።