ፊደል በዜማ፣ ንባብ በግምት

በመተማም ሆነ በቋራ ወረዳ፣ ትምህርት በየዓመቱ የሚለካው በምዝገባ ነው። መስከረም ሲጠባ ስንት ልጅ ተመዘገበ፣ ስንቱ አቋረጠ የሚለው ሪፖርት ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞኑ መቀመጫ ገንዳ ውሃ ይሄዳል። ቁጥሩ ሲያንስ ሰበቡ የታወቀ ነው፤ ወላጁ ልጁን ለሰሊጥ አጨዳ ወስዶታል፣ ወባው አስተኝቶታል፣ የድንበሩ ንግድ አማልሎታል። ይህ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ሥር ማንም ያልመረመረው እምነት አለ፤ ልጁ ክፍል ከገባ ይማራል የሚል። የዚህ ጽሑፍ ጠብ ከዚህ እምነት ጋር ነው።

አንደኛ ክፍል ውስጥ መምህሩ በዱላ ሰሌዳውን እየጠቆመ «ሀ» ሲል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ሀ ሁ ሂ» እያለ ይወርዳል። ከውጭ ለሚሰማው ደስ ይላል። አንዱን ልጅ ለይቶ «ቶ»ን ብቻ ቢያሳዩት ግን ብዙ ጊዜ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከ«ተ» ተነሥቶ በጣቱ ቆጥሮ ሰባተኛው ላይ ይደርሳል። ይህ ልጅ 231ዱን ፊደል በቃሉ ይወጣዋል፤ «ቶሎ» የሚለውን ግን አያነብም። ክፍል ሲጨምር ዜማውን ግልበጣ ይተካዋል። መምህሩ ሰሌዳ ይሞላል፣ ልጆቹ ደብተር ይሞላሉ፣ በቀይ እስክሪብቶ ራይት ይደረጋል። የገለበጠውን መልሶ እንዲያነብ የሚጠየቅ ልጅ ጥቂት ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ካመጣው አሠራር አንዱ ደግሞ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለ ልጅ ሳይወድቅ እንዲዛወር ነበር። የታሰበው ተከታታይ ምዘና ድክመቱን እያየ እንዲያርመው ነበር፤ ዝውውሩ ጸና፣ ማረሙ ጠፋ። በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ በተደረገ የንባብ ምዘና ከ100 የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34ቱ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ100 ተፈታኞች ያለፉት ከ4 በታች መሆናቸው አገር ሲያስደነግጥ፣ ጉድጓዱ ከአንደኛ ክፍል እንደሚጀምር ያስታወሰ ብዙ አልነበረም።

ቆላው ላይ ነገሩ የሚብሰው በሰሊጥ ምክንያት ነው። ሰሊጥ ከደረሰ ፍሬው ፈንድቶ ስለሚረግፍ አጨዳው ቀን አይሰጥም፤ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ያለውን ጊዜ ይወስዳል። ይህ ደግሞ ፊደል የሚጀመርበት ጊዜ ነው። ኅዳር ላይ የተመለሰው ልጅ ወደ ዜማው በአንድ ቀን ይቀላቀላል፤ የጎደለው አይታወቅበትም። በቋራና በመተማ ላለው የጉሙዝ ልጅ ፊደሉም ቋንቋውም አዲስ ነው፤ እሱንም ዜማው ሸፍኖት ያልፋል። መቅረቱን አቴንዳንስ ይመዘግበዋል፤ አለማንበቡን የሚመዘግብ ግን የለም።

በቃል መያዝ የአባቶች ትምህርት ነው፣ ቅኔ ያፈራው እሱ አይደለምን የሚል ክርክር ይነሣል። የቆሎ ትምህርት ቤትን በደንብ ላወቀው ግን መልሱ እዚያው አለ። መሪጌታው በስንደዶ እየጠቆመ ሀሁን ካስቆጠረ በኋላ ልጁን ወደ አቡጊዳ ያሻግረዋል። እዚያ ከ«አ» ቀጥሎ «ኡ» አይመጣም፤ «ቡ»፣ «ጊ»፣ «ዳ» ይከተላሉ። ሆን ተብሎ ተራው ፈርሷል፤ ዜማ ብቻ የያዘው ልጅ እዚያ ይጋለጣል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሀሁን ወስዶ አቡጊዳውን ጥሎታል።

ጠንካራው ክርክር ሌላ ነው፤ ክፍሉ በልጅ የታጨቀ፣ መጽሐፉ ያነሰ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤት የተዘጋ፣ መምህሩም ለራሱ ሕይወት የሚሰጋ። ይህን አቃልሎ ማለፍ ግፍ ነው። ነገር ግን የትምህርት ቀን ሲያጥር የቀረችውን ሰዓት ግልበጣ እንዴት ይበላታል? ፊደልን አቀላቅሎ ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ ከጠመኔ ሌላ ወጪ የለውም፤ በቀን አምስት ልጅ እየለዩ ማስነበብም አዲስ በጀት አያስፈልገውም። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ሆይ፣ ከአጨዳ በኋላ ኅዳር ላይ አንድ ቁጥር ጨምራችሁ ጠይቁ፤ ከተመዘገቡት ውስጥ ተራው የተዛባ ፊደል የሚለዩት ስንት ናቸው?