ቤቷን አስይዛ ውድድር ያዘጋጀችው ሴት

እ.ኤ.አ. በ1959 ኒው ዮርክ ግዛት፣ ዩቲካ ከተማ ውስጥ የቡድን ጁዶ ውድድር ይካሄዳል። የብሩክሊኗ ልጅ ረስቲ ከወንዶቹ ጋር የሄደችው በተጠባባቂነት ነው። ፀጉሯን አጭር ተቆርጣ፣ ደረቷን በፋሻ ጠፍራለች። አንዱ የቡድኑ አባል ሲጎዳ በእሱ ቦታ ገባች፤ ተጋጣሚዋን ጣለች፤ ቡድኗም አሸነፈ። አዘጋጁ ለብቻዋ ጠርቶ ሴት መሆን አለመሆኗን ሲጠይቃት አልዋሸችም። ሜዳሊያውን መልሳ እንድትሄድ ተደረገ።

በ1962 ቶኪዮ ገባች። ጂጎሮ ካኖ በ1882 የመሠረተው ኮዶካን የጁዶ ዋና ቤት ነው። ሴቶች የሚሠለጥኑት በሌላ ክፍል ነበር፤ እሷ ግን ከእነሱ በጉልበት በጣም ስለበለጠች ወደ ወንዶቹ አዳራሽ ተዛወረች። እዚያ ከወንዶች ጋር የሠለጠነች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ኋላ ያገባችውን ጃፓናዊ ጁዶ ተጫዋች ያገኘችውም እዚያው ነው፤ ረስቲ ካኖኮጊ የሚለው ስም የመጣው በዚህ ነው።

ይሁንና ጉልበቷም ችሎታዋም የሚታይበት የዓለም መድረክ አልነበረም። የወንዶች የዓለም ሻምፒዮና ከ1956፣ የወንዶች የኦሎምፒክ ጁዶ ከ1964 ጀምሮ አለ። ለሴቶች ምንም። ረስቲ ሌላ ሰው እስኪያዘጋጅላት አልጠበቀችም፤ ቤቷን አስይዛ ተበደረችና በ1980 የመጀመሪያውን የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አካሄደች። ከዚያ ዓለም አቀፉን ኦሎምፒክ ኮሚቴ እከሳለሁ እስከማለት ደርሳ ወጥራ ያዘች። በ1988 ሴቶች ሴኡል ላይ በሙከራ ውድድር ሲገቡ የአሜሪካ ሴቶች አሰልጣኝ እሷ ነበረች። በ1992 ባርሴሎና ላይ የሴቶች ጁዶ ሙሉ የኦሎምፒክ ስፖርት ሆነ። የተነጠቀችው ሜዳሊያ የተመለሰላት በ2009 ነው፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በ74 ዓመቷ አረፈች።

ባርሴሎናን እኛም አንረሳትም። ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያጠለቀችው፣ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶችም የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ አሸናፊ የሆነችው እዚያ ነው። ያ ርቀት ለሴቶች በኦሎምፒክ መሮጥ የጀመረው ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ኢትዮጵያ ባልተካፈለችበት የሴኡል ውድድር ነበር። ደራርቱ አሥር ዓመት ቀድማ ብትወለድ ኖሮ፣ በወጣትነት ጉልበቷ ይህን ርቀት የምትሮጥበት ኦሎምፒክ አታገኝም ነበር።

አሁን ወደ ከተማችን ጅማ እንምጣ። የእግር ኳስ ክለባችን ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪምየር ሊጉን በተቀላቀለበት በዚያው ዓመት ዋንጫውን ሲያነሳ ከተማው በደስታ ተጥለቅልቆ ነበር። ወንዶቹን እዚያ ያደረሳቸው ደረጃ በደረጃ የሚወጡበት ሊግ መኖሩ ነው። ለሴቶች ልጆቻችንም እንዲሁ በየዓመቱ ቀኑ የማይዛነፍ ውድድር ያስፈልጋቸዋል፦ በሩጫ፣ በእግር ኳስ፣ በትግል፣ ምንጣፍና አሰልጣኝ ሲገኝም በጁዶ።

የቡና ለቀማው ሲያልቅ፣ በጥር ወር፣ የአጋሮ፣ የሊሙ ገነትና የጅማ ተማሪዎች ቢገናኙ ምን ይከብዳል? የጅማ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች ይዳኙ። የሄርማታ ገበያ ነጋዴዎችና ቡና ላኪዎች ሽልማቱንና የልጆቹን ትራንስፖርት ይሸፍኑ። የጅማ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ደግሞ ቀኑን ከአሁኑ ቆርጦ ለትምህርት ቤቶች ያሳውቅ።