የቆዳ ካንሰር ሙከራው ዘነበወርቅም ይግባ!

ማይኮሲስ ፈንጎይድስ ዋናው የቆዳ ሊምፎማ ዓይነት ነው። ከነጭ የደም ሴሎች የሚነሳ ካንሰር ቢሆንም ሲጀምር ችፌ፣ ቋቁቻ፣ አንዳንዴም ሥጋ ደዌ ይመስላል። በሽተኛው ቅባት እየተቀያየረለት ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

አሜሪካ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች በሽታው ጥቁሮችን በለጋ ዕድሜያቸው እንደሚይዝና እንደሚከፋባቸው አሳይተዋል። ታዲያ መድኃኒቱ የሚሞከረው የት ነው? ሞጋሙሊዙማብ እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የተፈቀደው በ372 ሕሙማን ላይ ተፈትኖ ነው። ከሙከራው ሀገራት አንድም አፍሪካዊ አልነበረም።

ውጤቱስ? በሽታው ሳይብስ የቆየበት መካከለኛ ጊዜ 7.7 ወር ሆነ፤ በተወዳደረው መድኃኒት 3.1 ወር ነበር። ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም። ስለዚህ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን ከአነስተኛ መጠን የመላ ቆዳ ጨረር ጋር አጣምረው መሞከር ያዙ። ጨረሩ ቆዳውን ያጸዳል፤ መድኃኒቱ ደም ውስጥ የተደበቀውን ያሳድዳል።

አንድ መድኃኒት ብቻውን እንደማይበቃ ኮልፌ ቀራንዮ ድሮ ተምሯል። አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ተቋቋመ፤ የአርማወር ሐንሰን ምርምር ተቋም በ1970 ከጎኑ ተተከለ። በ1970ዎቹ እዚያ በተሠራ ምርምር የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ዳፕሶንን መቋቋሙ ታየ። ዓለም ወደ ጥምር ሕክምና የተሻገረው በእንዲህ ያለ ማስረጃ ነው። ያንን ማስረጃ ያስገኘ ግቢ ዛሬ የሌላውን ውጤት ቁጭ ብሎ ይጠብቅ?

«መጀመሪያ መደበኛው የጨረር ሕክምና ለሁሉም ይድረስ» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት የሀገሪቱ ብቸኛ የጨረር ማዕከል ነበር፣ ወረፋውንም ሁሉም ያውቀዋል። ነገር ግን በአግባቡ የተዋዋሉበት ሙከራ ወረፋ አይሻማም፤ የባዮፕሲ ምርመራ፣ የሠለጠነ ባለሙያና ክትትል ይዞ ይመጣል።

«ሕዝባችን የሙከራ አይጥ አይሁን» የሚለው ሥጋትም ተገቢ ነው። መልሱ ግን በር መዝጋት አይደለም። አይጥ የሚያደርገው አደጋውን ተካፍሎ መድኃኒቱን ማጣት ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ ይጻፍ፦ የተሻለው ሰው ሙከራው ሲያልቅም መድኃኒቱ አይቋረጥበት፤ መድኃኒቱ ሲፈቀድ ኢትዮጵያ በአቅሟ ታግኘው።

ጤና ሚኒስቴር ገንዘብ እስኪሞላ መጠበቅ የለበትም። ቅባት ያላዳነው ሽፍታ ሁሉ ባዮፕሲ ይደረግለት። ሕሙማኑ በአለርት ይመዝገቡ። የቆዳ ሐኪሙና የጨረር ሐኪሙ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። ሕሙማኗን ያልቆጠረች ሀገር ለሙከራ አትጠራም፤ መድኃኒቱንም በርካሽ ለመጠየቅ አቅም አይኖራትም።