ስለ መላጫ ብሩሽ

ጢሙ ገና ማጎንቆል የጀመረ ወጣት የመላጫ ብሩሽ ሊገዛ ሲነሣ፣ «ሰው የሚከበረው በዕቃው ነውና ውዱን ግዛ» የሚሉ መካሪዎች ይከቡታል። እኔ ግን ይህ ምክር የወላጅን ገንዘብ የሚያስበላ ከንቱ ምክር ነው እላለሁ። የብሩሽ ሥራው ሳሙናውን አረፋ አድርጎ ጢምን ማለስለስ እንጂ ባለቤቱን ማስከበር አይደለም።

ባጀር ከሚባለው አውሬ ጠጉር የተሠራው ብሩሽ ውኃ አብዝቶ ይይዛል፤ ዋጋው ግን ለጀማሪ ከባድ ነው። የአሳማ ጠጉር ርካሽ ነው፤ በመጀመሪያ ቢሻክርም፣ በውኃ እየነከሩ ሲሠሩበት ጫፉ እየተሰነጠቀ ይለሰልሳል። አሳማ ነውር የሆነበት ክርስቲያን ወይም ሙስሊም ደግሞ ናይሎኑን ይግዛ፤ መንከር አያሻውም፣ ቶሎም ይደርቃል።

ከርካሹ ይልቅ የሚያስፈራው አስመሳዩ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን (በአውሮጳ አቆጣጠር 1914–1918) ባጀር አስመስለው የሠሩት የፈረስ ጠጉር ብሩሽ፣ በሚገባ ሳይጸዳ እየተሸጠ፣ አባ ሰንጋን ወደ ወታደሮች ፊት አመጣ፤ በዚሁ የሞቱም ነበሩ። ገዢው የከፈለው ለስሙ ነበር፤ ያገኘው ግን በሽታውን ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ብሩሽ ስትገዙ መጀመሪያ ከምን እንደ ተሠራ ጠይቁ። ከአዲስ ብሩሽ ጥቂት ጠጉር ቢረግፍ ግድ የለም፤ በእጅ ሲስቡት በብዛት የሚነቀለውን ግን ተዉት። ከተላጫችሁ በኋላ አጥባችሁ፣ አራግፋችሁ አድርቁት፤ ለባልንጀራም አታውሱ። የተረፈውን ገንዘብ መጽሐፍ ግዙበት፤ መከበር ከወደዳችሁ መንገዱ በዚያ በኩል ነው።