ስለ ቤት አያያዝ፤ ክረምት ሳይገባ ቤትን ማሰናዳት

ገበሬ ክረምትን የሚያስበው በበጋ ነው። ማረሻውን የሚያበጀው፥ ዘሩንም የሚመርጠው ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ነው እንጂ ደመናው ከተራራው ላይ ከወረደ በኋላ አይደለም። ቤት ያለው ሰውም እንደዚሁ ሊያደርግ ይገባዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፥ ዝናቡ አልጋ ላይ ከወረደ በኋላ መሰላል ለመዋስ ጎረቤት ለጎረቤት መሮጥ ትርፉ ድካም ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አከፋፈል ክረምት ሰኔ 26 ቀን ገብቶ መስከረም 25 ቀን ይወጣል። ዝናቡ ግን ቀኑን ጠብቆ አይመጣም፤ ቀደም ብሎ የሚጀምርበት ዓመት ብዙ ነው። ስለዚህ የቤት ሥራው ሁሉ ግንቦት ሳይወጣ ቢያልቅ መልካም ነው። በዚህ ወር ልናስታውሳችሁ የምንወደው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ውሃን ከቤት ስለ መከልከል፥ ሁለተኛውም ብርድን ስለ መከላከል ነው። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ ነገር ግን አይደሉም። ውሃን የሚከለክል ሰው በጣሪያው ያለውን ቀዳዳ ሁሉ ቢደፍን ይጠቀማል። ብርድን የሚከላከል ሰው ግን የቤቱን የአየር መግቢያ ሁሉ ደፍኖ እሳት ቢያነድ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

በመጀመሪያ ስለ ውሃ እንናገር። የዝናብን ብዛት በሒሳብ የተመለከተው ሰው ጥቂት ነው። 1 ሚሊሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። እንግዲህ ጣሪያው 40 ካሬ ሜትር በሆነ ቤት ላይ 30 ሚሊሜትር ዝናብ ቢዘንብ 1,200 ሊትር፥ ማለት ባለ 200 ሊትሩ በርሜል 6 ጊዜ የሚሞላ ውሃ ይወርድበታል። በአዲስ አበባ ደግሞ በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ይዘንባል፤ የሚበዛውም በክረምት ወራት ነው። ይህ ሁሉ ውሃ መንገድ ካልተበጀለት መንገዱን በራሱ ይፈልጋል።

የቆርቆሮ ክዳን ብዙውን ጊዜ ማፍሰስ የሚጀምረው ከምስማሩ ሥር ነው። ምስማሩ መመታት ያለበት ከቆርቆሮው ከፍ ካለው ሞገድ ላይ እንጂ ውሃ ከሚወርድበት ጎድጓዳው ላይ አይደለም። የላላውን ማጥበቅ፥ የዛገውን መለወጥ፥ ቀዳዳውንም መድፈን የአንድ ቀን ሥራ ነው። አሸንዳ ያለው ቤት ቅጠሉና አፈሩ ይጠረግለት፤ የታፈነ አሸንዳ ውሃውን ወደ ግድግዳው ይመልሳልና። የሣር ክዳንም ከሆነ የሳሳው ቦታ ደረቅ ሣር ይጨመርበት።

የጭቃ ግድግዳ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ምርጊቱ በጭድ በተቦካ ጭቃ ይታደስ። ነገር ግን ጭቃ ለመድረቅ ፀሐይ ይፈልጋልና በሰኔ የተመረገ በክረምቱ እርጥብ ሆኖ ይሰነብታል። ከሁሉም ይልቅ መታየት የሚገባው የግድግዳው ሥር ነው፤ ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ መሬት መትቶ ሲረጭ ቀስ በቀስ የሚበላው እርሱን ነው። ስለዚህ በቤቱ ዙሪያ፥ ይልቁንም በዳገቱ በኩል፥ ውሃውን ወደ ታች የሚወስድ ቦይ ይቆፈር። ውሃውም ወደ ጎረቤት ደጃፍ እንዳይሄድ ማሰብ ይገባል፤ የራስን ቤት አድኖ የሌላውን ማፍረስ ሙያ አይባልምና።

ማገዶም እንደዚሁ ነው። እንጨቱና ኩበቱ በበጋ ደርቆ፥ ከመሬት ከፍ ባለ ቦታ ተከምሮ፥ ከላዩ ይከደን። እርጥብ ማገዶ ጢሱ ብዙ፥ ሙቀቱ ጥቂት ነው፤ የእናቶችን ዓይንና የሕፃናትን ደረት ይጎዳል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር እንመለስ። ምሽቱ ሲበርድ በብዙ ቤት የሚደረገው የታወቀ ነው። በሩ ይዘጋል፤ መስኮቱ በጨርቅ ይወተፋል፤ የከሰል ማንደጃው ወደ መኝታ ክፍል ይገባል። ከሰሉ ስለማይጨስ ሰው ሁሉ ደኅና ነው ብሎ ይተኛል። ነገር ግን ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም፤ ዓይንን አያቃጥልም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅንን ተሸክሞ ለሰውነታችን የሚያደርሰው ሄሞግሎቢን ነው። ይህ ጋዝ ግን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ከሄሞግሎቢን ጋር ይያያዛልና ለኦክስጅን ቦታ ያሳጣዋል። የተኛ ሰው ሳይነቃ የሚሞተው ስለዚህ ነው።

አንዳንዶች፥ ከሰሉ እስኪቀላ ድረስ ደጅ ከቆየ በኋላ ቢገባ አይጎዳም ይላሉ። ይህ ልክ አይደለም፤ የቀላው ፍምም ጋዙን ያወጣል። በማንደጃው አጠገብ ውሃ ማስቀመጥም፥ እጣን ማጨስም አያርቀውም። የሚያርቀው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ማንደጃውን ከመኝታ ክፍል ማውጣት ነው።

ይህን ነገር አጥብቀን የምንናገረው ይልቁንም ስለ አራስ ቤት ነው። እናቲቱ እስከ 40 ወይም እስከ 80 ቀን በቤት ስትቆይ፥ ብርድ እንዳይመታት ተብሎ በሩ ተዘግቶ ከሰሉ ቀንና ሌሊት ይነድዳል። ይህን የሚያደርጉት አያቶችና አክስቶች በፍቅር ያደርጉታል። ሆኖም ይህ ጋዝ በሕፃናትና በነፍሰ ጡሮች ላይ ይበረታል፤ በማኅፀን ያለውንም ፅንስ ይጎዳል። አራሷን በጋቢና በብርድ ልብስ፥ በትኩስ ገንፎና በአጥሚት ማሞቅ ይቻላል። ሕፃኑንም ከእናቱ ገላ ጋር አቅፎ መያዝ ከማንደጃ ይልቅ የታመነ ሙቀት ነው።

በኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ቤተ ሰቦችም ያስቡበት። የጭቃው ቤት በስንጥቁ ጥቂት አየር ያስገባ ይሆናል፤ የብሎኬቱና የመስተዋቱ ቤት ግን ሲዘጋ ጥብቅ ነው። መብራት በጠፋበት ምሽት ከሰል ማንደድ ግድ ቢሆን በረንዳ ላይ ይሁን፤ ፍሙም ሳይጠፋ ወደ ውስጥ አይመለስ።

ምልክቱን ሁሉም ይወቅ። ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ነው። በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ እንዲህ ቢሰማቸው፥ ደጅ ሲወጡም ቢሻላቸው፥ ምግቡን ወይም ጉንፋኑን ከመጠርጠር በፊት ማንደጃውን ይጠርጥሩ። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ በሩንና መስኮቱን በርግዶ ሰዎቹን ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ይገባል፤ በዚያ ኦክስጅን ይሰጣቸዋልና። «ትንሽ ይተኛና ይሻለዋል» ማለት አደገኛ ነው።

እንግዲህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤ በዚህ ሳምንት ጣሪያውን ተመልከቱ፥ ቦዩን ጥረጉ፥ ማገዶውን ክደኑ፥ የመኝታ ልብሱን በፀሐይ አስጡ። መሰላል የሚወጣ ልጅ የሌላቸው አረጋውያንና ባልቴቶች በሠፈራችሁ ካሉ፥ የእድሩ ጎረምሶች በአንድ ቅዳሜ ተሰብስበው የእነርሱንም ክዳን ያብጁላቸው። ማታም ወደ መኝታ ስትሄዱ፥ ልጆቹን ከማልበሳችሁ በፊት ማንደጃው ደጅ መሆኑን እዩ።

መልካም ክረምት ያድርግልን።