የኦሞ ጎርፍ ውሃ ብቻ አይደለም

ገበሬ ወገኖቼ! የጂንካው ኔሪ በዝናብ ጊዜ ለምን ይደፈርሳል? አፈራችሁን ስለሚወስድ ነው። ኔሪ ወደ ማጎ፣ ማጎም ወደ ኦሞ ይወርዳል። ኔሪ የሚያደርሰው ግን ጥቂት ነው፤ ኦሞ አብዛኛውን ደለል የሚያመጣው ከላይ፣ ከጊቤና ከጎጀብ አገር ነው። መጨረሻውም ቱርካና ሐይቅ ነው።

በዚያ አፈር ውስጥ ፎስፎረስ የሚባል የሰብል ምግብ አለ። ማዳበሪያ ስትገዙ ገንዘብ ከምትከፍሉባቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ቦሎቄ ናይትሮጅንን ከአየር ያገኛል፤ ፎስፎረስ ግን ከአየር አይገኝም። የሚገኘው ከድንጋይና ከአፈር፣ ከፍግና ከአጥንት ነው።

ፎስፎረስ በውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይጓዛል። ጥቂቱ እንደ ጨው ይሟሟል። ይህን አልጌ የሚባሉ ደቃቅ የውሃ ዕፀዋት ወዲያው ይመገቡታል፤ እነሱን ዓሣ ይበላል፣ ዓሣውን ደግሞ ሰው። የሚበዛው ግን ከአፈሩ ብረት ጋር ተጣብቆ ከደለሉ ጋር ይሄዳል። ደለሉ ባረፈበት ቦታ ቀስ እያለ ለሥር ይደርሳል። ካሮ፣ ሙርሲ፣ ኛንጋቶምና ዳሰነች ጎርፉ ሲሸሽ በወንዙ ዳር ያለ ማዳበሪያ ማሽላ ሲያመርቱ የኖሩት በዚህ ነው።

ጊቤ 3 ግድብ በ2007 ዓ.ም. ውሃ መያዝ ጀመረ፤ በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ቁመቱ 243 ሜትር ነው። መብራቱ ለአገር ይጠቅማል፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን ውሃ ሲቆም ደለሉ ይዘቅጣል፤ ፎስፎረሱም አብሮ እዚያው ይቀራል። ጎርፉም እንደ ድሮው ጊዜውን ጠብቆ አይመጣም። በቅርብ ዓመታት ዳሰነችን ያጥለቀለቀው ውሃ ሰው አፈናቀለ እንጂ ማሽላ አላበቀለም። በልኩ የመጣ ጎርፍ ያበላል፤ ከልክ ያለፈ ያፈርሳል።

ግድቡ ሲታቀድ በየዓመቱ በልክ ጎርፍ ይለቀቃል ተብሎ ነበር። ይህ ቃል ይከበር እላለሁ። ቀኑም አስቀድሞ ለገበሬው ይነገር። የሚለቀቀው ውሃ ደለሉ የሳሳ ስለሚሆን ማሳው በፍግ ይታገዝ።

ደጋ ያላችሁም እርከን ሥሩ፤ ፍጉንና አመዱን ወደ ማሳ መልሱ። ከአፈር የተወሰደ ካልተመለሰ ጎተራው ይጎድላል።

ማንበብ የቻላችሁ ላልቻለው አንብቡለት። በቀበሌ ስብሰባም ተነሥታችሁ ጠይቁ፦ ዘንድሮ ውሃው መቼ ይለቀቃል? ምን ያህልስ ነው?